ከበሮው የት ቀረ?

«የአገራችን ዜማ በፒያኖ» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ከበሮውስ? ዜማውን ወስደናል። ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በነጭና በጥቁር ቁልፎች ላይ ደርድረናል። ያ ዜማ የሚራመድበትን፣ የሚዘገይበትንና የሚቸኩልበትን ምት ግን እንደ ጭቃ ጫማ ደጃፍ ላይ አውልቀን ገብተናል። ከዚያም «ባህላችንን ዘመናዊ አደረግነው» ብለን እናጨበጭባለን።

ነገሩ ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ጠቤ ከፒያኖ ጋር አይደለም። ከፒያኖ ተጫዋቾቻችን ጋርም አይደለም፤ በዚህች አገር ፒያኖን ይዞ መዝለቅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አውቃለሁና። ጠቤ ሥር ከሰደደ አንድ አስተሳሰብ ጋር ነው። ይኸውም ዜማ ቁም ነገር ነው፣ ምት ግን ማድመቂያ ነው የሚለው ነው። ዜማ ለአዋቂ፣ ከበሮ ለሆይ ሆይታ፤ ዜማ ለአዳራሽ፣ ከበሮ ለድንኳን። ማን እንዲህ ብሎ እንደደነገገ አላውቅም፤ ድንጋጌው ግን በሥራ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሟን ልጠራት በማልፈልግ አንዲት የከተማችን አዳራሽ በተዘጋጀ የሙዚቃ ምሽት ላይ ተገኝቼ ነበር። ፒያኖው መድረኩ መካከል እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ከበሮ መቺው ጥግ ይዞ፣ ከመጋረጃው እጥፋት አጠገብ ቆሟል። ቆመ ነው እንጂ መታ አልልም፤ የተጠራው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች «ለማሞቂያ» ነበርና። በታደለን ወረቀት ላይ የፒያኖው ተጫዋች ስም አለ። የመድረክ መሪዋ ስም አለ። አበባ ያበረከተው ድርጅት ስም እንኳ አልተረሳም። የከበሮ መቺው ስም ግን የለም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወረቀቱን ገልበጥ ገለበጥ አድርገው «ይህ ልጅ አባት አላወጣለትም እንዴ?» አሉ። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮ አልወረደም።

ለመሆኑ ከበሮን እንዲህ የናቅነው ከመቼ ጀምሮ ነው? አባቶቻችን አልናቁትም። አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪት ይጎሰም ነበር። የአገሪቱ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ሕጓን በከበሮ ስም የምታትም አገር ናት እንግዲህ ከበሮን ከመጋረጃ ሥር የምታቆመው! የአውሮፓ ሙዚቃ ወደዚህ የገባው በአብዛኛው በማርሽ ባንድ በኩል ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዘመናዊ ሙዚቃችን ትልቅ ውለታ የዋሉ ናቸው። ይሁን እንጂ በማርሽ ውስጥ የከበሮ ሥራ እግር ማስተካከል ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። በእኔ እምነት ምት ማለት እግር ማስተካከያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ሰልፍ ጋር አብሮን ቀረ። ባንዱ ወደ ኦርኬስትራ፣ ኦርኬስትራውም ወደ አዳራሽ ሲያድግ፣ ከበሮው ለቤተ ክርስቲያንና ለሠርግ ቤት ተመርቆ ተሰናበተ።

አስገራሚው ነገር ፒያኖ ራሱ የሚመታ መሣሪያ መሆኑ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቁልፉን ስንጫን ጨርቅ የለበሰች ትንሽ መዶሻ ተስፈንጥራ ክሩን ትመታለች። ሐንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ ይህን አውቆ በ1937 እ.ኤ.አ. ለሁለት ፒያኖዎችና ለምት መሣሪያዎች ሶናታ ደረሰ። በዚያ ሥራ ከበሮው አጃቢ አይደለም፤ ከፒያኖው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይነጋገራል። ከእኛው አህጉርም የጋናው ሊቅ ክዋቤና ንኬቲያ የአፍሪካን ምት ለፒያኖ ተማሪዎች የሚያስተምሩ አሥራ ሁለት ሥራዎችን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እንግዲህ ፒያኖና ከበሮ ባዕዳን ናቸው የሚል ካለ ፒያኖን አላወቀውም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን እንድንመለከተው የምፈልገው የቻይናን ነገር ነው። ከቻይና መንገድ ተቀብለናል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃ፣ በ2015 ደግሞ የከተማችንን ቀላል ባቡር በእነሱ እጅ ተሠርተው አይተናል። ከጥበባቸው ግን ምን ተማርን?

የቤይጂንግ ኦፔራ የሚባለው ቴአትራቸው ዘፈን፣ ንግግር፣ ጭፈራና የጦር ጨዋታ የተዋሐዱበት ነው። የዚህ ቴአትር ሙዚቀኞች መሪ ዘንግ የሚያወዛውዝ ሰው አይደለም፤ ትንሿን ከበሮ የሚመታው ሰው ነው። በአንድ እጁ የእንጨት ማጨብጨቢያ ይይዛል፣ በሌላው ከበሮዋን በቀጭን ዘንግ ይመታል። ተዋናዩ ዓይኑን ሲያዞር፣ እጅጌውን ሲወረውር፣ እግሩን ሲያነሣ ምቱ ይከተለዋል፤ አንዳንዴም ይቀድመዋል። ጎንግ የሚሉት የነሐስ ደወልም ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ሲመታ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትንሹ ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ለጀግናና ለጦርነት፣ ሌላው ለሴትና ለቀልደኛ ገጸ ባሕርይ ይስማማል። እያንዳንዱ የምት ዓይነት ስም አለው፤ ተማሪው መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት ምቱን በአፉ እየደገመ ያጠናዋል።

ዋናው ምሥጢር ግን ወዲህ ነው። በዚህ ኦፔራ አንድ የዜማ መሠረት በማጨብጨቢያው ምት ይለጠጣል፣ ይጠበባል። ቀስ ብሎ ሲሄድ ለሐዘንና ለትካዜ ይሆናል፤ መካከለኛ ሲሆን ይተርካል፤ ሲፈጥን ይቆጣል፣ ይሟገታል። ሌላ ዜማ መፈለግ ሳያስፈልግ፣ ምቱ ዜማውን እየለወጠ ቴአትሩን ይሠራዋል። ምት የዜማ ልብስ አይደለም ማለት ነው፤ አጥንቱ ነው።

የፒያኖና የቤይጂንግ ኦፔራ ጋብቻ የተፈጸመው በአስቸጋሪ ዘመን ነው። በባህል አብዮቱ ወቅት ፒያኖ የከበርቴ መሣሪያ ተብሎ ሲወገዝ፣ ዪን ቼንግዞንግ የተባለው ፒያኒስት በ1967 እ.ኤ.አ. ፒያኖውን ወደ ቲያንአንሜን አደባባይ አውጥቶ ለሕዝብ ተጫወተ። በዓመቱ «ቀዩ ፋኖስ» ከተባለው አብዮታዊ ኦፔራ የተወሰዱ ዘፈኖችን ለፒያኖ አዘጋጀ፤ የኦፔራው የምት መሣሪያዎችም አብረው ገቡ። የዚያ ዘመን ፖለቲካ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ስንቱን ጥበበኛ እንደፈጀ እናውቃለን። ዪንም ይህን ያደረገው ፒያኖውን ከመጥረቢያ ለማዳን ጭምር ነው። ሆኖም ከዚያ ጭንቅ ውስጥ አንድ ትምህርት ወጣ። ፒያኖ ከአገሬው ከበሮ ጋር መቆም ይችላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ያለ ማንም አስገዳጅነት ወደ ጥልቁ ገቡ። የሻንግሃይ ተወላጁ ጌ ጋንሩ በ1980ዎቹ አጋማሽ «ጥንታዊ ሙዚቃ» የሚል ትርጉም ያለው የፒያኖ ሥራ ደረሰ። አራቱ ክፍሎች የተሰየሙት በጎንግ፣ በሁለት የቻይና ባለ ክር መሣሪያዎችና በከበሮ ነው። የፒያኖውን ክሮች ልዩ ልዩ ነገር እያስገባ ድምፃቸውን ለውጦ ፒያኖውን ጎንግና ከበሮ አደረገው። ዡ ሎንግ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. «ፒያኖጎንግስ» በተባለው ሥራው ፒያኒስቱን ከፒያኖው ጎን የኦፔራውን ጎንጎች ራሱ እንዲመታ አደረገው። ልብ በሉ! ጎንግ መቺ ከመጋረጃ ሥር አልቆመም፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ራሱ ጎንግ መቺ ሆነ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ቻይናን እንድንቀዳ አይደለም። እነሱ የሠሩበት መሠረት እኛም ዘንድ ስላለ ነው።

የምኖረው ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ዳገቱን ወጥቶ እንጦጦ ማርያም ወይም እንጦጦ ራጉኤል ማሕሌት የቆመ ሰው የምለውን ለመረዳት የቻይና ኦፔራ ማየት አያስፈልገውም። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል በመጀመሪያ በቁም ያዜሙታል። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ሰውነት ከዜማው ጋር ይወዛወዛል። ከዚያ መረግድ ነው፤ ከበሮው በቀስታ ይገባል፣ ጸናጽሉ ይመልስለታል፣ እየዋለ እያደረ ምቱ ይበረታል። በመጨረሻ ጽፋት ሲደርስ ጭብጨባው፣ ከበሮውና ድምፁ አንድ ይሆናሉ። ቃሉ ያው ነው። የዜማው ሥር ያው ነው። ምቱ ግን ከተመስጦ አንሥቶ እስከ እልልታ ያደርሰዋል። ቻይናዎቹ በማጨብጨቢያቸው የሚያደርጉትን የእኛዎቹ ሊቃውንት በመቋሚያና በከበሮ ያደርጉታል።

ከበሮውም ተራ ነገር እንዳይመስለን። አንዱ ፊቱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ ሰፊው ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሊቃውንቱ ሰፊውን በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት ይመስሉታል፤ በላዩ የተጠላለፈውን ጠፍር የጌታ ግርፋት ምሳሌ ያደርጉታል። የላይ ቤት፣ የታች ቤት፣ የተክሌ እየተባለ አቋቋሙ በየወገኑ ይለያል፤ ይህን ለይቶ ለማወቅም ዓመታት ይፈጃል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለቅዱስ ያሬድ የሰጠው ትውፊት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በነአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ምልክት ተበጅቶለታል። ምቱ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚኖረው በመምህሩ እጅና በተማሪው ጆሮ ነው። መምህሩ ሲያልፍ እጁ አብሮ ይቀበራል። ለዚህ ነው ነገሩን እንደ ቀልድ የማልመለከተው።

እስቲ ደግሞ የእኛዎቹን እንይ። አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ያረፉ ታላቅ ሰው ናቸው። የጃፓኑን ኮቶ ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር ያዋሐዱበት «ኮቱራሲያ» የተባለ ሥራቸው የ1967 ነው። በእስያና በኢትዮጵያ መካከል ድልድይ ይሠራል ብሎ ማንም ባላሰበበት ጊዜ ሠርተውታል። ከሥራዎቻቸው ስሙ ይበልጥ የሚነሣው ግን ዋሽንት ስለሚነፋው እረኛ ያቀናበሩት ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት፣ በያሬድና በሶፊያ የተማሩት ግርማ ይፍራሸዋም ስለ እረኛና ዋሽንት የፒያኖ ሥራ አላቸው። ሁለቱም ሥራዎች ያማሩ ናቸው። ነገር ግን አንባቢዬ፣ እረኛው ለምን ተመረጠ? እረኛ ብቻውን ነው። ዋሽንት አለው፣ ከበሮ የለውም። ብቸኛውን እረኛ ወደ አዳራሽ ማስገባት ይቀላል፤ የሚያስቸግረው መቶ ሰው የቆመበትን ማሕሌት ማስገባት ነው። ግርማ «እልልታ» የሚል ሥራ መሥራታቸው መንገዱን እንደሚያውቁት ያሳያል። መንገዱ ግን ተከታይ ይፈልጋል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያለ ክብር መጥራት አይቻልም። በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስዊዘርላንድና በካይሮ ተምረው፣ ግሸን ማርያም መንኩሰው፣ በ2023 በኢየሩሳሌም በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈዋል። የመጀመሪያ ሸክላቸው የታተመው በ1967 ጀርመን አገር ነው። የእማሆይን ፒያኖ በሰዓት ቆጣሪ ልለካው የሚል ይሞኛል። ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ይመለሳል። የውጭ አገር ሰዎች ብሉዝ ይሉታል፣ ጃዝ ይሉታል። እኔ ግን ቁም ዜማ ነው የምለው። ከማሕሌቱ ደረጃዎች የመጀመሪያውን፣ ከበሮ ያልገባበትን፣ በፒያኖ አሳይተውናል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጽፈውልናል። ዝማሜውን፣ መረግዱንና ጽፋቱን ማን ይጻፈው?

ሙላቱ አስታጥቄ ወደዚያ ጠጋ ያሉ ናቸው። እሳቸው የያዙት ቫይብራፎን የሚመታ መሣሪያ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። መቋሚያን የሙዚቃ መሪ ዘንግ አድርገው ሲከራከሩለት ኖረዋል፤ «የያሬድ ኦፔራ» ብለው ከሰየሙት ሥራም ከፊሉን በ2008 እ.ኤ.አ. በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አሰምተዋል። ሐርቫርድ ሰማ። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ባለው መንገድ፣ ስድስት ኪሎ ላይ የሚማሩት ልጆቻችንስ መቼ ይሆን እንዲህ ያለውን ሥራ በየዓመቱ የሚሰሙት፣ ብሎም የሚደርሱት?

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «የቤተ ክርስቲያንን ከበሮ ወደ አዳራሽ ማውጣት ድፍረት ነው» የሚል ነው። ይህን ተቃውሞ አከብራለሁ። ድጓው ይዘፈን አላልኩም፤ ቅዱሱ ቃል ለትኬት ይሸጥ አላልኩም። የምለው ስልቱን፣ የጊዜ አያያዙን እንማር ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተማረ ጆሮ ውጭ ሲወጣ አይደነቁርም። እማሆይ መነኩሲት ሆነው ፒያኖ ሲጫወቱ ምንኩስናቸው አልረከሰም። ከበሮም ቢሆን የሠርግም፣ የጥምቀትም፣ የመንደርም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ከበሮ ቀላል ነው፣ ማንም ይመታዋል» ይላል። ለዚህ መልስ መስጠት አያሻኝም፤ አባቶቻችን መልሰውታል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር! ይህን የሚል ሰው አንድ ሌሊት ብቻ ከማሕሌት ቆሞ፣ ንዑስ መረግድ ዐቢይ የሚሆንበትን ቅጽበት ይያዝና እናያለን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ በጨዋ ቋንቋ ይነገራልና። «ፒያኖ ዓለም አቀፍ ነው፣ ከበሮ አካባቢያዊ ነው» ይለናል። ባርቶክ ከሐንጋሪ ገበሬ፣ ዡ ሎንግ ከቤይጂንግ ቴአትር ተነሥተው ዓለም ደረሱ። ዓለም ከእኛ የሚጠብቀው ራሱ የሰጠንን መልሰን እንድንሰጠው አይደለም።

ስለ ዜማ ብቻ ማውራት ሌላም ሀብት ያስጥለናል። ሽሮ ሜዳን በሸማ ገበያነቷ ሁሉም ያውቃታል። ከጋሞ ደጋ የመጡት ዶርዜዎች መወርወሪያቸውን እየወረወሩ ይህችን ሰፈር ከተማ አድርገዋታል። የዶርዜ ሰዎች በኅብረት ሲዘፍኑ አንዱ አንዱን አይከተለውም፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ፣ አንዱ ሲያነሣ ሌላው እየጠለፈ፣ ብዙ ድምፅ አንድ ጨርቅ ይሆናል። የውጭ አገር አጥኚዎች ይህን ለመቅዳት ተራራ ወጥተዋል። «ኢትዮጵያ ውስጥ የብዙ ድምፅ ሙዚቃ የለም» የሚል መምህር ግን ታክሲ ተሳፍሮ ሽሮ ሜዳ መምጣት ያቅተዋል! እንጦጦ ላይ ማሕሌት፣ ሽሮ ሜዳ ላይ የዶርዜ ዝማሬ፣ ስድስት ኪሎ ላይ ፒያኖ። ሦስቱ በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረው ሳለ አይተዋወቁም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ አልጠይቅም። አንደኛ፣ ከበሮ መቺው ከፒያኖው እኩል መድረኩ መካከል ይቁም፤ ስሙም በወረቀቱ ላይ በእኩል ፊደል ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለአገር ሙዚቃ የሚያስብ ወጣት ፒያኒስት ጊዜ ወስዶ ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ይቀመጥ፤ መሪጌታውም እንደ መምህር ደመወዝ ይከፈለው እንጂ እንደ ጥናት ቁሳቁስ አይታይ። ሦስተኛ፣ የሙዚቃ ደራሲዎቻችን ለፒያኖና ለከበሮ ብቻ ይድረሱ። ቫዮሊን አይጨመር፣ ማሞቂያ አይጨመር። አንድ ዜማ ይያዝና በቁም ይጀመር፣ በዝማሜ ይወዛወዝ፣ በመረግድ ይራመድ፣ በጽፋት ይድረስ። የፒያኖው ግራ እጅ የአውሮፓን ማጀቢያ ከመደርደር ይልቅ የከበሮውን ሰፊ ፊት፣ ቀኙ ጠባቡን ይማር። የመጀመሪያው ሙከራ ላያምር ይችላል። አሥረኛው ያምራል።

አንባቢዬም የድርሻህ አለብህ። በሚቀጥለው ጊዜ «የአገራችን ዜማ በፒያኖ» ተብሎ ስትጋበዝ፣ ትኬቱን ከመቁረጥህ በፊት በሩ ላይ ቆመህ ከበሮውን ማን እንደሚመታው ጠይቅ። የሚነግርህ ካጣህ ጥያቄህን ጮክ ብለህ ድገመው፤ ከኋላህ የተሰለፉትም ይስሙት።